«ዓለም ዝም ብሎ አለ» ማለት ይበቃል? ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ብዙ ወጣቶች እየተቀባበሉ ያነበቡት አንድ ጽሑፍ እኔም ጋ ደርሷል። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው። «ዓለም መጀመሪያ አለው፤ መጀመሪያ ያለው ሁሉ አስጀማሪ አለው፤ ስለዚህ ፈጣሪ አለ» የሚለው ክርክር ያረጀ፣ በሳይንስ የተሻረና ከምዕራባውያን ሰባኪዎች የተቀዳ ነው ይላል። ጸሐፊው ሰባት ነጥቦች ያነሳሉ። ሰባቱንም አያለሁ፤ ሁሉም ላይ ግን እኩል አልቆይም። አንዳንዱ ቶሎ ያልቃል፣ አንዳንዱ ጊዜ ይፈልጋል። አንዱ ላይ ደግሞ ከጸሐፊው ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። አማኝ ነኝ። ግን ፈጣሪን ለመከላከል ተብሎ ለሚቀርብ ደካማ ክርክር ጥብቅና መቆም አልፈልግም። ጉዳዩ የሚቆረቁረኝ፣ ጽሑፉን ያነበቡ ልጆች «በቃ፣ ይሄ ነገር አበቃለት» ሲሉ ስለሰማሁ ነው። አላበቃለትም። ጽሑፉ የመታው የክርክሩን ደካማ ቅጂ ነው። ጠንካራው ገና አልተነካም። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ሁሉም ነገር ምክንያት ካለው፣ እግዚአብሔርን ማን ፈጠረው?»

ጽሑፉ የሚጀምረው በዚህ ጥያቄ ነው። አንባቢውን ይበልጥ የያዘውም ይኸው ይመስለኛል። አጭር ነው፤ አፍ ላይ ይቀላል።

ችግሩ «ሁሉም ነገር ምክንያት አለው» ብሎ የተነሳ ቁም ነገረኛ ፈላስፋ ማግኘት አስቸጋሪ መሆኑ ነው። ሙስሊሙ ሊቅ አል-ገዛሊ (1058–1111) ያለው «መጀመሪያ ያለው ነገር ሁሉ ለመጀመሩ ምክንያት አለው» ነው። ከእሱ የቀደመው ሙስሊም ፈላስፋ ኢብን ሲና (980–1037) ደግሞ «ሊኖርም ላይኖርም ይችል የነበረ ነገር ሁሉ ለመኖሩ ምክንያት ይፈልጋል» ይላል። የ13ኛው ክፍለ ዘመን የካቶሊክ ሊቅ ቶማስ አኲናስ የሚነሳው ከሚለወጥ ነገር ነው። ሦስቱም ሕጋቸውን ሲያወጡ ወሰኑን አብረው አስቀምጠዋል። መጀመሪያ የሌለው፣ ላይኖር የማይችል፣ የማይለወጥ ነገር ካለ ሕጉ እሱን አይመለከትም። ይህ ጥያቄው ሲመጣ በኋላ የተፈለገ ማምለጫ አይደለም። ከመነሻውም እንዲህ ነበር።

ጥያቄውን በዘመናችን በሰፊው ያስተዋወቀው እንግሊዛዊው ፈላስፋ በርትራንድ ራስል ነው። በ1927 ለንደን ውስጥ ባደረገው ንግግር፣ በ18 ዓመቱ የጆን ስቱዋርት ሚልን የሕይወት ታሪክ ሲያነብ ይህን ጥያቄ እንዳገኘና የመጀመሪያ ምክንያትን ክርክር እርግፍ አድርጎ እንደተወው ተናግሯል። ራስል ትልቅ የሎጂክ ሰው ነበር። እዚህ ላይ ግን የመለሰው ሰው በደፈናው ለሚናገረው እንጂ ኢብን ሲና ለጻፈው አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር። ለረጅም ዘመን ፈጣሪ የለም የሚሉ ሰዎች ራሳቸው ዓለም ዘላለማዊ ነው ሲሉ ኖረዋል። «ታዲያ ማን ሠራው?» ሲባሉ «ዘላለማዊ ነገር ሠሪ አያስፈልገውም» ይሉ ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ የሌለው ነገር አስጀማሪ እንደማይፈልግ ሁለቱም ወገን ያምናል። ጠቡ ያ ነገር ዓለም ራሱ ነው ወይስ ሌላ በሚለው ላይ ነው። በእኛም ዘንድ መድረክ ላይ ቆመው «ያለ ምክንያት የሚሆን ነገር የለም፣ ስለዚህ ፈጣሪ አለ» ብለው የሚያሳጥሩት አሉ። በእነሱ ላይ የጸሐፊው ቅሬታ ተገቢ ነው።

«ከምዕራብ የተቀዳ ነው»

ጸሐፊው ይህን ያነሱት መሀል ላይ ነው። እኔ ላስቀድመው፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው በዚህ ብቻ ጆሮውን ይደፍናል።

ክርክሩን በዚህ መልክ መጀመሪያ ካደራጁት አንዱ ዮሐንስ ፊሎፖኖስ ነው። የስድስተኛው ክፍለ ዘመን የእስክንድርያ ሰው ነው። በ529 ዓለም ዘላለማዊ ነው በሚለው በግሪካዊው ፈላስፋ በፕሮክሎስ ላይ፣ ቀጥሎም በአርስቶትል ላይ ጻፈ። እንደ ግብፅና እንደ ኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ የኬልቄዶንን ጉባኤ አልተቀበለም። በሥላሴ ላይ በጻፈው ምክንያት በኋላ ከራሱ ወገንም ጋር ተጣልቷል፤ ያ ሌላ ታሪክ ነው። ለእኛ ጳጳስ ሲላክልን የኖረው ከዚያው ከእስክንድርያ መንበር ነው። ከእሱ በኋላ ክርክሩን በየራሳቸው መንገድ ያሳደጉት በዛሬዋ ኢራን የተወለደው አል-ገዛሊ እና በቡኻራ አጠገብ የተወለደው ኢብን ሲና ናቸው። አውሮፓ ከእነሱ ተማረ እንጂ አላስተማራቸውም።

ወደ ቤታችን ስንመለስ ደግሞ የዘርዐ ያዕቆብ ሐተታ አለ። ጽሑፉን በእርግጥ ዘርዐ ያዕቆብ ጻፈው ወይስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ኢትዮጵያ የነበረው ጣሊያናዊ ሚሲዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልተዘጋም። እኔ እዚህ ልፈርድ አልችልም። ጽሑፉ ግን በግዕዝ ተጽፎ ከፊታችን አለ፤ ክርክሩም ውስጡ አለ። ባለታሪኩ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ሸሽቶ ዋሻ ውስጥ ተቀምጧል። መጀመሪያ «የሚሰማኝ አለ ወይ?» ብሎ ይጠራጠራል። ከዚያ «እኔን ማን ፈጠረኝ?» ይላል። አባትና እናቴ ብል፣ የእነሱን ፈጣሪ መፈለግ አለብኝ። የወላጆቻቸውንም እንዲሁ። ወደ ኋላ ሲሄድ ሲሄድ፣ እንደ እኛ ከወላጅ ያልተወለዱ የመጀመሪያዎቹ ጋ ይደርሳል። እነሱስ ከየት መጡ? በመጨረሻ ያልተፈጠረ ፈጣሪ ላይ ያርፋል። ቀጥሎም ለእኛ ማስተዋልን የሰጠ ራሱ አስተዋይ መሆን አለበት ብሎ ይደመድማል።

ይህን ስጠቅስ በሐተታ ያለው ክርክር እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። የወላጆችን ሰንሰለት በተመለከተ አኲናስ ራሱ ይቃወመው ነበር፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። ነገር ግን ብቻውን የተቀመጠ ሰው ይህን ጥያቄ ሲጠይቅ የሚያሳይ ጽሑፍ በግዕዝ ያለው ሕዝብ፣ ጥያቄው የሌላ ሰው ነው ሊባል አይገባውም።

«ሳይንስ ነገር ከምንም እንደሚወጣ አሳይቷል»

እዚህ ላይ ጸሐፊው በጣም እርግጠኛ ሆነዋል። በኳንተም ፊዚክስ ቅንጣቶች ያለ ምክንያት ብቅ ይላሉ፣ አቶሞች ያለ ምክንያት ይፈርሳሉ፣ ዓለምም እንዲሁ ከምንም ሊወጣ ይችላል ይላሉ። ረጋ ብለን እንየው።

ከአቶሙ እንጀምር። ካርቦን-14 የሚባለው ራዲዮአክቲቭ ካርቦን የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች የድሮ እንጨትና አጥንት ዕድሜ የሚለኩበት ነው። አንድ የካርቦን-14 አቶም መቼ እንደሚፈርስ ማንም ሊናገር አይችልም። ዛሬ ሊሆን ይችላል፤ ከ10,000 ዓመት በኋላም ሊሆን ይችላል። ብዙ ከሆኑ ግን ግማሾቹ በ5,730 ዓመት ገደማ ውስጥ ይፈርሳሉ። ሲፈርሱም ናይትሮጅን-14 ይሆናሉ፣ አንድ ኤሌክትሮንም ይወጣል። እንግዲህ ምን አለን? አስቀድሞ የነበረ አቶም አለ። ያልተረጋጋ ባሕርይ አለው። የታወቀ ሕግ አለ። የሌለው ነገር ቁርጥ ያለ ሰዓት ነው። ሰዓቱ አለመወሰኑ እና ነገሩ ከምንም መውጣቱ ፈጽሞ የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው።

ቅንጣቶች ብቅ ይሉበታል ወደሚባለው ኦና (ቫኪዩም) ስንመጣም ያው ነው። ኔዘርላንዳዊው ሄንድሪክ ካሲሚር በ1948 አንድ አስገራሚ ነገር ተነበየ። ሁለት የብረት ሰሌዳዎች አየር በሌለበት ኦና ውስጥ እጅግ ተቀራርበው ቢቀመጡ፣ የኤሌክትሪክ ሙሌት ባይኖራቸውም ይሳሳባሉ አለ። በ1997 ስቲቭ ላሞሮ በጥንቃቄ ለካው፤ እውነትም ይሳሳባሉ። ይህ የሚያሳየው የፊዚክስ ኦና ባዶ አለመሆኑን ነው። መስክ አለው፣ ጉልበት አለው፣ ብረት ይገፋል። ብረት የሚገፋ ነገር «ምንም» ሊባል አይችልም።

የጸሐፊው ዋና ምስክር የፊዚክስ ሊቁ ሎውረንስ ክራውስ ነው። በ2012 ዓለም ከምንም እንዴት እንደወጣች አስረዳለሁ የሚል መጽሐፍ አሳትሟል። በዚያው ዓመት ዴቪድ አልበርት ኒውዮርክ ታይምስ ላይ መለሰለት። አልበርት በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የፍልስፍና መምህር ነው፤ ዶክትሬቱ ግን በቲዎሪቲካል ፊዚክስ ነው። ያለው ይህን ነው፦ ኦናው የመስኮች አንድ ዓይነት አቀማመጥ ነው። ቅንጣት ያለበት ሌላ አቀማመጥ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው መሄድ ከአለመኖር ወደ መኖር መሄድ አይደለም። መስኮቹ ለምን አሉ የሚለው ጥያቄ እንዳለ ተቀምጧል።

ከክራውስ የበለጠ የሄደው ሌላው የፊዚክስ ሊቅ አሌክሳንደር ቪሌንኪን ነው። በ1982 ባቀረበው ሞዴል ዓለም ቦታም ጊዜም ቁስም ከሌለበት ሁኔታ ይነሳል። ይህ ትልቅ ሥራ ነው፤ ላቃልለው አልፈልግም። ነገር ግን ቪሌንኪን ራሱ ጥያቄውን አልሸሸውም። ዓለም ከመኖሩ በፊት የፊዚክስ ሕጎቹ «ነበሩ» ማለት ነው፤ ታዲያ የት ነበሩ? በምን ላይ ነበሩ? ብሎ በገዛ እጁ ጽፏል። ጸሐፊው ቪሌንኪንን ሲጠቅሱ ይህን ክፍል ቢጨምሩት ኖሮ አንባቢው የተሻለ ይፈርድ ነበር።

«ቢግ ባንግ ፍጥረት አይደለም፤ አማኞች ነጠቁት እንጂ»

እስማማለሁ። በዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር ነኝ፤ ከእሳቸው በፊት ይህን ያለውን ሰው ግን ላስተዋውቃችሁ።

ዓለም እየሰፋ ነው፣ ወደ ኋላ ቢሄዱ አንድ የተጨመቀ መነሻ አለው የሚለውን፣ ኋላ ቢግ ባንግ የተባለውን ሐሳብ ያቀረበው የቤልጂየሙ ጆርጅ ለሜትር ካህን ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት መድፈኛ ሆኖ ተዋግቷል። በ1923 ክህነት ተቀበለ። በ1927 የዓለምን መስፋፋት ያሰላበትን ጽሑፍ ሲያሳትም፣ አይንስታይን ሒሳቡ ትክክል ፊዚክሱ ግን የማይረባ ነው ብሎት ነበር። በ1931 ኔቸር መጽሔት ላይ የዓለምን መነሻ የሚመለከት በጣም አጭር ደብዳቤ አወጣ። የደብዳቤው ረቂቅ መጨረሻ ላይ ስለ እግዚአብሔር የሚናገር አንድ ዓረፍተ ነገር ነበረበት። ለሜትር ከማሳተሙ በፊት ሰረዘው።

በኅዳር 1951 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ ይህን ሳይንስ ለፍጥረት ምስክር አድርገው በአደባባይ ተናገሩ። ለሜትር አልተደሰተም። የእሳቸው ቤተ ክርስቲያን ካህን ነው፤ ሐሳቡ የራሱ ነው፤ ቢያጨበጭብ ማንም አይወቅሰውም ነበር። እሱ ግን ከቫቲካኑ የሥነ ፈለክ ባለሙያ ጋር ሆኖ ጉዳዩን እንዲተዉት ለማሳመን ሠራ። በ1952 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ለዓለም የሥነ ፈለክ ባለሙያዎች ሲናገሩ ያንን አልደገሙትም። ለሜትር ቲዎሪው ከሃይማኖት ጥያቄ ውጭ እንደቆመና ቁስ ብቻ ነው ያለው የሚለውንም ሰው ነፃ እንደሚተወው ኋላም ተናግሯል።

እኔ ይህን ሰው በጣም አከብረዋለሁ። ሳይንስ ሲለወጥ አብሮ የሚወድቅ እምነት እንዳይኖረን ያስጠነቀቀን እሱ ነው። የሚታየው ዓለም የዛሬ 13.8 ቢሊዮን ዓመት ገደማ እጅግ ሞቃትና የታመቀ እንደነበር ማስረጃው ጠንካራ ነው። ከዚያ በፊት ምንም እንዳልነበረ ግን ቢግ ባንግ አይነግረንም። በ2003 ቦርድ፣ ጉዝና ቪሌንኪን ያቀረቡት ቲዎረም ብዙ ጊዜ በአማኞች ይጠቀሳል። የሚለው ዓለም በአማካይ ሲሰፋ ከኖረ ያ መስፋፋት ወደ ኋላ ያለ ወሰን ሊዘረጋ አይችልም ነው። ቁም ነገር ነው። ቅድመ ሁኔታውን የማያሟሉ ሞዴሎች ግን አሉ። ስለዚህ «ሳይንስ ፍጥረትን አረጋገጠ» እያሉ ፖስተር የሚለጥፉ ወንድሞች ቢተዉት እመርጣለሁ።

ታዲያ ከጸሐፊው የምለየው የት ነው? «ስለዚህ ክርክሩ ወደቀ» የሚለው ላይ። ፊሎፖኖስ ከለሜትር 1,400 ዓመት ይቀድማል። ኢብን ሲና ደግሞ ዓለም በጊዜ መጀመሪያ እንዳለው እንኳ አያምንም ነበር። ክርክሩ በቢግ ባንግ ላይ አልተሠራም፤ እሱ ቢነሳም አይፈርስም።

«ያለፈው ጊዜ ማለቂያ ላይኖረው ይችላል»

ፊሎፖኖስ ይህን አይቻልም ይል ነበር። ምክንያቱ ከሰማይ የተወሰደ ነው። ሳተርን አንድ ዙር ለመጨረስ 30 ዓመት ያህል ይፈጅበታል፤ ጁፒተር 12 ዓመት ያህል። ጊዜ መጀመሪያ ከሌለው ሳተርን ማለቂያ የሌለው ዙር ዞሯል። ጁፒተርም እንዲሁ። ግን ጁፒተር ከሁለት እጥፍ በላይ መዞር ነበረበት። ማለቂያ የሌለው እንዴት ከሌላ ማለቂያ የሌለው ሊበልጥ ይችላል? አል-ገዛሊም ይህንኑ ምሳሌ በፀሐይና በሳተርን አቅርቦታል።

ጥሩ ክርክር ነው፤ ዘመኑንም ያስደነግጥ ነበር። ማለቂያ የሌላቸውን ብዛቶች ካጠናው ከሒሳብ ሊቁ ከጆርጅ ካንቶር በኋላ ግን የሒሳብ ሰዎች ሁለቱ ብዛቶች እኩል ናቸው ይላሉ፤ አንዱን ከአንዱ ጋር ማጣመር ይቻላልና። በወረቀት ላይ የሚቻል ነገር በእውን ዓለም ይቻላል ወይ የሚለው አሁንም ያከራክራል። ዊልያም ሌን ክሬግን የመሳሰሉ የዛሬ ተከራካሪዎች አይቻልም ይላሉ። እኔ እርግጠኛ አይደለሁም። በዚህ ላይ አኲናስን እከተላለሁ። እሱ ዓለም መጀመሪያ እንዳለው በእምነት እንጂ በማስረጃ አናውቅም አለ። በደካማ ማስረጃ ልናሳምን ብንሞክር ላላመኑት መሳቂያ እንሆናለን ሲልም አስጠንቅቋል። ይህን የተናገረው ፈጣሪ መኖሩን በክርክር ማሳየት ይቻላል ብሎ የሚያምን ሰው መሆኑን ልብ በሉ።

እንዴት ሁለቱን አስታረቀ? ሁለት ዓይነት ሰንሰለት አለ። አንዱ ወደ ኋላ በጊዜ የሚሄድ ነው፤ ልጅ፣ አባት፣ አያት። አያት ቢሞትም ልጅ ይኖራል። አኲናስ ይህ ሰንሰለት ያለ መጀመሪያ ሊሄድ ይችላል ይላል። ሌላው አሁን፣ በዚህ ቅጽበት አንዱ በሌላው የሚኖርበት ነው።

ለዚህኛው አንድ ምሳሌ ልስጥ። 1,000 ብር አበድረኝ ብላችሁ ጓደኛችሁን ጠየቃችሁ እንበል። «የለኝም፣ ቆይ ከእገሌ ተበድሬ ልስጥህ» አለ። እገሌም «የለኝም፣ ከእገሊት ልበደር» አለ። እሷም እንዲሁ። የተበዳሪው ሰልፍ መቶ ቢደርስ፣ ሚሊዮን ቢደርስ፣ ማለቂያ ባይኖረው ብሩ እጃችሁ አይገባም። ብሩ እጃችሁ ከገባ ግን አንድ የገዛ ገንዘቡን ያወጣ ሰው የግድ አለ። ሰልፉ ረጅም መሆኑ ምንም አይለውጥም። የሰልፉ ርዝመት የጊዜ ጥያቄ ነው፤ ብሩ ከየት መጣ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው።

የዓለም ነገሮች መኖርን ከሌላ የሚቀበሉ ከሆነ፣ 13.8 ቢሊዮን ዓመት ኖሩ ወይም ዘላለም ኖሩ ጥያቄው ይቀራል። ስለዚህ ጸሐፊው መጀመሪያ የሌለው ዓለም ቢያሳዩን እንኳ ክርክሩን አልነኩትም።

«ዓለም ዝም ብሎ አለ»

የጽሑፉ ልብ ይህ ነው። ጸሐፊው የ18ኛው ክፍለ ዘመን ፈላስፋ ዴቪድ ሂዩምንና ራስልን ይጠራሉ። ሂዩም የእያንዳንዱን ክፍል ምክንያት ካወቅን በኋላ የጠቅላላውን ምክንያት መጠየቅ ትርፍ ነው የሚል ሐሳብ አቅርቧል። ራስል ደግሞ በ1948 በቢቢሲ ራዲዮ ከካቶሊኩ ካህንና ፈላስፋ ከፍሬድሪክ ኮፕልስተን ጋር ሲከራከር ሁለት ነገር አለ። እያንዳንዱ ሰው እናት አለው ማለት የሰው ዘር በሙሉ አንዲት እናት አለው ማለት አይደለም። ዓለም ደግሞ ዝም ብሎ አለ፤ በቃ።

የሂዩምን ስም ሲጠሩ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። በ1754 በጻፈው ደብዳቤ፣ አንድ ነገር ያለ ምክንያት ሊነሳ ይችላል የሚል የማይረባ ነገር ብዬ አላውቅም ብሏል። የእሱ ጥያቄ ይህን በምን አወቅን የሚል ነበር።

የእናቲቱ ምሳሌ ሲሰሙት ያሳምናል። ግን ከክፍሎቹ ተነስቶ ስለ ሙሉው መደምደም ሁልጊዜ ስህተት አይደለም። ወደ ሰልፉ ተመለሱ። እያንዳንዱ ተበዳሪ የራሱ ገንዘብ የለውም፤ ሰልፉም በጠቅላላው የራሱ ገንዘብ የለውም። ይህ ድምዳሜ ፍጹም ትክክል ነው። ጥያቄው «ከሌላ መቀበል» እንደ እናት መኖር ነው ወይስ እንደ ገንዘብ ማጣት? እኔ ሁለተኛው ነው እላለሁ። ጸሐፊው የመጀመሪያው ነው ካሉ ለምን እንደሆነ ማሳየት ነበረባቸው። የራስልን ምሳሌ ብቻ አስቀምጠው አለፉ።

ስለ «ዝም ብሎ አለ» ደግሞ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። በ1964 አርኖ ፔንዚያስና ሮበርት ዊልሰን ኒው ጀርሲ ውስጥ አንድ ትልቅ ቀንድ መሰል አንቴና ይዘው ይሠሩ ነበር። የማይጠፋ ጩኸት አስቸገራቸው። አንቴናውን ወደ ኒውዮርክ ከተማ አዞሩት፤ ያው ነው። ቀንም ሌትም ያው ነው። ወቅት ቢለዋወጥም ያው ነው። ውስጡ ርግቦች ጎጆ ሠርተው አገኙ፤ ርግቦቹን አስወጡ፣ ኩሳቸውን ጠራርገው አጸዱ። ጩኸቱ አለ። «ዝም ብሎ ያለ ጩኸት ነው» ብለው ሥራቸውን መቀጠል ይችሉ ነበር። አላሉም። ያ ጩኸት ዓለም 380,000 ዓመት ገደማ ሳለች የተለቀቀ ብርሃን ቅሪት ሆኖ ተገኘ፤ በ1978 ኖቤል ተሸለሙበት። ለሜትር ወሬውን የሰማው በ1966 ሊሞት ጥቂት ሲቀረው ነው።

ሳይንስ የሚሠራው ሰው «ለምን?» ማለቱን ስለማያቆም ነው። ጸሐፊው ይህን ልማድ ያደንቃሉ፤ ጽሑፋቸው ውስጥ ደጋግመው ጽፈውታል። ከዚያ ግን የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ሲደርሱ እዚህ ላይ «ለምን?» አይባልም ይላሉ። ለአንቴና ጩኸት ምክንያት እንፈልግ፣ ለዓለም ግን አንፈልግ የሚያሰኘው ሕግ የቱ ነው? ዓለም ትልቅ ስለሆነ? ትልቅነት ነገርን ከምክንያት ነፃ አያወጣም።

«እናንተስ እግዚአብሔር ላይ ትቆሙ የለ?» ይሉኝ ይሆናል። እንቆማለን። ልዩነቱ ኢብን ሲና ያስቀመጠው ነው። ዓለም ሌላ መልክ ሊኖረው ይችል ነበር። የቁሱ መጠን፣ የኃይሎቹ ጥንካሬ፣ እኔና እናንተ፣ ሁሉም ሌላ ሊሆን ወይም ላይኖር ይችል ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ላይ «ዝም ብሎ አለ» ብሎ መቆም መልስ ሳያገኙ መቆም ነው። የክርክሩ ማረፊያ ግን ላይኖር የማይችል ነገር ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሊኖር ይችላል ወይ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት ጠይቋል። ጥያቄው ግን «እሱንስ ማን ፈጠረው?» ከሚለው በብዙ ይሻላል።

እንዲያውም ከዚህ ሁሉ የሚከብደውን ተቃውሞ ጸሐፊው አላነሱትም። ያነሳው አሜሪካዊው ፈላስፋ ፒተር ቫን ኢንዋገን ነው፤ እሱ ራሱ ክርስቲያን ነው። ለሁሉም ነገር በቂ ምክንያት ካለ፣ በቂ ምክንያት ደግሞ ውጤቱን የግድ የሚያደርግ ከሆነ፣ ሁሉም ነገር የግድ ሆነ ማለት ነው። እኔ ዛሬ ሻይ ሳይሆን ቡና መጠጣቴም ጭምር። ይህ ከባድ ነው። የእኔ መልስ ምክንያት ሁሉ ውጤቱን አያስገድድም የሚል ነው። ነፃ ምርጫ ያለው አካል በምክንያት ይመርጣል፤ ምክንያቱ ግን አያስገድደውም። መልሱ ሁሉንም ፈላስፋ እንደማያሳምን አውቃለሁ። ወጣቶቻችን የሚያነቡት ግን እንዲህ ያለውን ተቃውሞ ቢሆን ደስ ይለኛል፤ ያኔ ከሁለቱም ወገን ያለው ሰው ያድጋል።

«ቢሆንስ? ምክንያቱ ለምን አምላክ ይሆናል?»

የመጨረሻው ነጥብ ይህ ነው። ጸሐፊው የመጀመሪያ ምክንያት ቢኖር እንኳ ዕውር ኃይል ሊሆን ይችላል፣ ከዚያ ተነስቶ ጸሎት የሚሰማ አምላክ ጋ መድረስ አይቻልም ይላሉ።

ግማሹን እቀበላለሁ። ይህ ክርክር ሥላሴን አያሳይም፤ ትንሣኤንም አያሳይም፤ ቁርኣንንም አያሳይም። ሙስሊሙ አል-ገዛሊና ክርስቲያኑ ፊሎፖኖስ አንድ ክርክር የያዙት ለዚህ ነው። ከዚህ በላይ ያለውን የምናምነው በሌላ መንገድ ነው። አንድ ሰባኪ ከዚህ ክርክር ተነስቶ በአንድ እርምጃ ወደ ራሱ ቤተ እምነት ቢዘል ጸሐፊው ሊያስቆሙት መብት አላቸው።

ነገር ግን ክርክሩ ባዶ እጁን አይመልሰንም። የቦታ፣ የጊዜና የቁስ ሁሉ ምክንያት ራሱ ቁስ ሊሆን አይችልም፤ ቦታም አይወስነውም። ላይኖር የማይችል ከሆነ አይጠፋም። «ዕውር ኃይል» የምንለው ደግሞ የምናውቃቸው ሁሉ በቁስና በሕግ ውስጥ የሚሠሩ ናቸው፤ ቁስና ሕግ ደግሞ እዚህ መልስ የሚጠየቅባቸው ናቸው። አል-ገዛሊ አንድ ተጨማሪ ነገር አየ። ሊሆኑ ከሚችሉት እኩል መንገዶች መካከል አንዱን የሚለይ ነገር ምን ይባላል? እሱ ፈቃድ ነው አለ። ሁለት እኩል የሆኑ ቴምሮች የቀረቡለት የራበው ሰው አንዱን እንደሚያነሳ፣ ፈቃድ እኩል የሆነውን ይለያል። በሐተታ ያለውም ሰው በሌላ በር ገብቶ አስተዋይ ፈጣሪ ላይ ደርሷል። ይህ ሁሉ የማያከራክር ነው አልልም። ከ«ዕውር ኃይል» ግን የበለጠ ተሠርቶበታል።

ጸሐፊው ሁለተኛ ክፍል እንደሚጽፉ ጠቁመዋል። ቢጽፉ ደስ ይለኛል፤ ብዕራቸው የሚነበብ ነው። ሲጽፉ «እግዚአብሔርን ማን ፈጠረው?» የሚለውን ትተው ይህን እንዲመልሱልን እጠይቃለሁ፦ ላይኖር ይችል የነበረ ነገር ሁሉ ምክንያት ይፈልጋል የሚለውን ሕግ የማይቀበሉት ከሆነ፣ ለምን በሳይንስ ጉዳይ ሁሉ ይቀበሉታል? የሚቀበሉት ከሆነስ፣ ዓለምን ከሕጉ ውጭ ያወጡት በምን ምክንያት ነው?